ፀሐይ ያላየችው ፒካፕ

ጋሽ ጠብታ ሰው የሚሰድበው በአንድ ስድብ ብቻ ነበር። የጋራዡ ልጆች አምፖል ሥር ቀለም በጥብጠው "ልክ መጥቷል" ሲሉት፣ "ፀሐይ ያላየው ሥራ!" ይልና ቆርቆሮውን ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ደጅ ይወጣል። በመኪናዋ አሮጌ ቀለም ላይ ከአዲሱ አንዲት ጠብታ ጠብ ያደርጋል፤ እስክትደርቅም እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጠብታዋ ከታየች ቀለሙ ተሳስቷል፤ ከጠፋች ልክ ነው። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምታነሣው ሲያናድዳት ነው።

ሚስቱ የመኪና ወንበር ሰፊ ናት። እሱን ያወቀችውም በዚያችው ጠብታ ምክንያት ነው። አባቷ አንድ በሯ የተጨፈለቀ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረቻቸው። እሷ የወንበሩን ልብስ ተሸክማ ተከትላቸው ጋራዡ ስትደርስ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ፒካፗ ፊት ተንበርክኮ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ አፍጥጧል።

"ምን ጠፍቶህ ነው?" አለችው።

"ጠብታ።"

"ላግዝህ?"

"እንዳታገኚያት ነው የምጸልየው።"

"ይሄስ ጤናም የለው" ብላ ለአባቷ ሹክ አለቻቸው። አባቷም ተስማሙ። ዓመት ሳይሞላ ግን ለዚያው ጤና ለሌለው ዳሯት።

ፒካፗ እንደ ቤተ ዘመድ ሆና አብራቸው ኖረች። ጋሽ ጠብታ ግን ባያት ቁጥር የሚታየው ሌላ መኪና ነበር። ሆት ሮድ ሊያደርጋት ይመኝ ነበር፤ ጣሪያዋ ዝቅ ብሎ፣ ኮፈኗ ተነሥቶ ሞተሯ ወለል ብሎ እየታየ፣ የኋላ ጎማዎቿ እንደ በርሜል ወፍረው፣ የጭስ ማውጫዎቿ በጎንና በጎን ወጥተው። አንድ ቀን ደፍሮ አማቱን "ጣሪያዋን ልቁረጠው?" አላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ራሰ በራቸውን ዝቅ አደረጉለት።

"መጀመሪያ ይሄኛውን ቁረጥ።"

ነገሩ በዚያው ቀረ። ፒካፗ አርጅታ ለብረት አቅላጮች ስትሄድ ሚስቱ የነዳጅ መሙያዋን ክዳን ብቻ አስቀረች። መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ክዳን ናት፤ ያንን ሰማያዊ የበጠበጠው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌና ቁልፍ ይቀመጥባታል።

ጋሽ ጠብታ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል እጁ የሚያደርገው አጣ። ደህናውን የበር እጀታ ፈትቶ ይገጥማል፤ የማይነቃነቅ ወንበር ያጠብቃል። ልጃቸው "አባዬ ቤቱን ፈታትቶ ሳይጨርሰው" ብላ አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። ውስጡ ተገጣጣሚ ሞዴል ነው፤ ስንዝር የምታህል የድሮ ፒካፕ በነጭ ፕላስቲክ፣ ብትንትኗ ወጥቶ። ጋሽ ጠብታ ብልቶቿን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ጣሪያውን ለየና በሁለት ጣቱ አነሣው።

"አሁን እንግዲህ ማንንም አላስፈቅድም" አለ።

የምግብ ጠረጴዛው ግማሽ ጋራዥ ሆነ። እንደ ክር በቀጠነ መጋዝ የጣሪያዋን ምሰሶዎች አሳጠራቸው። ምሰሶዎቹ ዘንበል ብለው የቆሙ ናቸውና፣ ሲያጥሩ ጣሪያው ከታችኛው አካል ጋር አልገጥምም አለ። እሱ ግን በዚህ ደስ አለው። "እውነተኛዋም እንዲህ ነበር የምታስቸግረኝ" እያለ የፊቶቹን በፍል ውሃ አለስልሶ ወደ ኋላ አጋደማቸው። የጭስ ማውጫዎቹን ከእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጦ የቸኮላት ወረቀት አለበሳቸው። ለሞተሩ ካንዴላዎች ገመድ የሚሆነውን ክር ደግሞ ከሚስቱ የስፌት ሣጥን ወሰደ።

"ቀዩን ክሬን ማነው የነካብኝ?"

"ሞተሩ።"

"ሞተሩ ይሂድና ይግዛልኝ!"

እንዲህ ብትልም ሳታስበው ሥራው ውስጥ ገባችበት። ካረጀ የቆዳ ጓንቷ አውራ ጣቱን ቆርጣ፣ በቀጭኗ መርፌ መስመር መስመር እያወጣች፣ ለፒካፗ የክብሪት ሣጥን የማታህል ወንበር ሰፋችላት። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰፋቻቸው ወንበሮች ሁሉ ጀርባዋን ያላሳመማት ይሄ ብቻ እንደሆነ ለልጇ ነገረቻት።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ የሚያስጨንቃት ነገር ነበር። ጋሽ ጠብታ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ማለፍ ጀምሯል። አንድ ጠዋት ገመድ ላይ የተሰጣን የጎረቤት ካፖርት ሰው መስሎት "እንደምን አደሩ" ብሎት አልፏል። ፀሐይ ደግሞ ጠላቱ ሆናለች፤ "ትወጋኛለች" ይልና መጋረጃውን ዘግቶ በጠራራ ቀን በአምፖል ይሠራል። ልጃቸው ጎትታ ስትወስደው ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ቀላል ቀዶ ሕክምና እንደሚያነሣለት፣ ከቆየ ግን ከባድ እንደሚሆን ነገረው። ቀጠሮም ሰጠው። ጋሽ ጠብታ በቀጠሮው ቀን የፒካፗን ጎማ ሲሞርድ ዋለ።

"ይሄ ዓይን እኮ እንጀራዬ ነው" አላት ስትቆጣው። "ከፍተው ሌላ ሰማያዊ ቢሰጡኝስ? የማውቀውን ቀለም ሁሉ እንደ አዲስ ልማር? ደግሞ ለቀለም እንደሆነ አይቼ አልተሳሳትኩም። የሻይ ብርጭቆ ሌላ ነገር ነው።"

ሁለተኛው ቀጠሮ ለሰኞ ተያዘ። እሱም ሳይቃወም፣ እሺም ሳይል፣ "ፒካፗ ቀለም ትልበስ እስቲ" ብሎ አለፈው።

ቀለሙን የበጠበጠው መጋረጃው ተዘግቶ፣ በአምፖሉ ሥር ነው። ሚስቱን ክዳኗን ለመናት። እሷም መርፌዎቿን ገልብጣ ሰጠችው። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቂት ጥቁር፣ ደግሞ ከዚያም ከዚህም ጠብ እያደረገ ቆየ። በክዳኗ ላይ አንጠባጠበ፤ ጠበቀ፤ አጎነበሰ። ከዚያ "ጠፋች!" ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ከጋራዡ ቡሎን የሚሉት ሰው ባዋሰው ትንሽ የቀለም መርጫ ፒካፗን ሦስቴ አለበሳት።

በማግሥቱ እሱ ሳይነሣ ሚስቱ ልትጠርግ መጋረጃውን ከፈተች። የጠዋት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ፒካፗ ቁጭ ብላለች፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ የተገለጠ፣ ጎማዋ የሚያስፈራ፣ ቆንጆ። ቀለሟ ግን አረንጓዴ ነው። የቆመ ውሃ ላይ የሚበቅለው ዓይነት አረንጓዴ። አጠገቧ የተቀመጠችው ክዳን ሰማያዊ ናት፤ መሐሏ ላይ ያለችው ጠብታ እንደ ቁስል ትታያለች።

ሚስቱ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ቡሎን መርጫውን ሊወስድ መጣ። ቡሎን በወጣትነቱ የጋሽ ጠብታ ተማሪ የነበረ፣ ዛሬ የጋራዡ ባለቤት የሆነ፣ አጭርና ድፍን ያለ ሰው ነው። ፒካፗን በአምፖሉ ብርሃን አገላብጦ አያት፤ ከዚያ ወደ መጋረጃው አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት።

"ጋሼ፣ እጅዎ እርጅና የሚባል አያውቅም" አለ።

"ቀለሙስ?"

"እጅዎ... እንዴት ብለው ነው ይሄን ጣሪያ ያጋደሙት?"

ጋሽ ጠብታ ስለ ምሰሶዎቹ ማውራት ጀመረ። ሚስቱ ግን መልሱ የት ላይ እንደታጠፈ አይታለች። ስትሸኘው በሩ ላይ ክንዱን ያዘችው።

"አይተሃል።"

"አይቻለሁ፣ እትዬ።" ቡሎን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የሠሯት የዳቦ ቤቱ መኪና እንዲሁ ነበረች። ቤት ሲሄዱ ጠብቄ ደገምኳት።"

"ለምን አልነገርከውም?"

"በምን አፌ? ቀለም ያስተማሩኝን ሰውዬ 'አያዩም' ልበላቸው? እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ።"

"እኔማ ወንበር ሰፊ ነኝ" አለች። በቀለሙ ገብታ አታውቅም፤ እሱም በስፌቷ። በትዳራቸው ውስጥ ሳይጻፍ የጸና ሕግ ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ብትነግረው አንገቱን ትሰብረዋለች፤ ባትነግረው ደግሞ "ዓይኔ ደህና ነው" ብሎ ሰኞንም እንደ መጀመሪያው ሊያሳልፈው ነው።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ጠብታ እጁን ዘረጋ።

"በይ ወንበሩን አምጪ። ዛሬ እንጨርሳታለን።"

ሚስቱ ወንበሩን በመሐረብ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። አልሰጠችውም።

"አልሰጥህም።"

"ለምን?"

"ወንበሬን ፀሐይ ያላየው ሥራ ውስጥ አላስገባም።"

ጋሽ ጠብታ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ግን ቆመ።

"ጠብታዋ እኮ ጠፍታለች" አለ።

"አምፖል ሥር።"

የገዛ ስድቡ ወደ ጋሽ ጠብታ ተመለሰ። ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ፒካፗንና ክዳኗን በትሪ አድርጎ፣ በእግሩ ደፉን እየፈለገ ወጣ። ሚስቱም ተከተለችው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ክዳኗን ወደ ዓይኑ አስጠጋት፤ አራቃት። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ብርሃኑ ሁሉንም ነጭ አደረገብኝ" አለ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "አንቺ እይልኝ" አለ።

"እኔ?"

"ጠብታዋ ትታያለች?"

መነጽሯን አደረገች። ማየት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። "አትታይም" ብትል በዚያው ያልቅ ነበር፤ ወንበሩን ይገጥማል፣ ሰኞም ያልፋል።

"ትታያለች" አለች።

"ምን ትመስላለች?"

"አረንጓዴ።"

"ትንሽ አረንጓዴ?"

"የእንቁራሪት ጀርባ።"

ጋሽ ጠብታ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ መስሏት እጇን ጀርባው ላይ ስታሳርፍ እየሳቀ ነው፤ ወይም ሁለቱንም።

"አባትሽ ይሄን ቢያዩ" አለ፣ "ጣሪያውን ትተው ራሴን ይቆርጡት ነበር።" ቆየት ብሎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ቡሎን ለዚህ ነው እጄን ያመሰገነው። የመጨረሻ ሥራዬስ፣ የዳቦ ቤቱ መኪና?"

"እንደገና ቀብቷታል።"

"ፀሐይ ላይ አውጥቶ?"

"ይመስለኛል።"

"እንግዲያው በከንቱ አልጮህኩበትም።"

ሰኞ ዕለት ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሣ። ጫማውን ራሱ ወለወለ፤ አንዱን በጥቁር፣ አንዱን በቡናማ። ሚስቱ አይታ ዝም ልትል ነበር። ከዚያ ትዝ አላትና ነገረችው።

የአንደኛው ዓይኑ ሽፋን በተነሣ ማግሥት ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዱን ዓይን እየሸፈነ በሌላው ማየት ጀመረ። በአሮጌው ሰማዩ ሻይ ፈስሶበታል፤ በአዲሱ ታጥቧል። አጥሩን አየ፣ የተሰጣውን ልብስ አየ፣ ሚስቱን አየ።

"ይሄ ቀሚስሽ እንዲህ ሰማያዊ ነበር?"

"ከገዛሁት ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝም።"

ከዚያ ፒካፗን ይዛለት መጣች። በአዲሱ ዓይኑ አፍጥጦ ቆየና፣ "ማነው እንዲህ ያረገሽ፣ የኔ ልጅ?" አላት። ያን ቀን በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት አረንጓዴውን ሲፍቅ ዋለ፤ የክዳኗን ጠብታም በጥንቃቄ አነሣት። ጥፍሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

ሐኪሙ የቀለም ሥራ የፈቀደለት ቀን መጋረጃው እስከ ዳር ተከፈተ። በጥባጩ እሱ ነው። ሁለተኛው ዓይኑ ግን ገና ተራውን እየጠበቀ ነውና በአንድ ዓይን አልታመንም አለ። ክዳኗን በትሪ አድርጎ ወደ ደረጃው ወጣ፤ ጠብ አደረገ፤ እስክትደርቅ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ ጠበቀ።

"ነይ እስቲ" አላት።

ሚስቱ ወንበሩ ያለበትን መሐረብ ይዛ ወጣች። መነጽሯን አድርጋ ክዳኗን ተቀበለችው። አገላበጠቻት። ወደ ፀሐይ አዞረቻት፣ ጎኗን አየች፣ በጣቷ ዳሰሰቻት። ፊቷ ኮስተር አለ።

"አንተ፣ አትቀልድብኝ" አለችው። "የቱ ጋ ነው ያንጠባጠብከው?"