ፍልሰታን ይዤ ደሴት ሄድኩላችሁ

«ማሚ፣ እዚህ ድረስ አምጥቼሽ ቆሎ ትበያለሽ?» አለችኝ ልጄ ሬስቶራንት ውስጥ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ከስኮትላንድ ሰሜን ደሴቶች ዛሬ ጠዋት ሮውሌት ቤታችን ገባን። እግሬ አብጧል፣ ሻንጣው እንኳ አልተከፈተም።

ልጄ ቬኬሽኑን ቡክ ያደረገችው የአገሬውን ምግብ ልታቀምሰኝ ብላ ነው። ፍልሰታ መሆኑን ማን ያስታውሳት?

የገባንበት ሁሉ በግ፣ ዓሣ፣ ቅቤ ነው። እሷ ታዛለች፣ እኔ ከቦርሳዬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። (ዓሣ ይበላል የምትሉኝ፣ በናታችሁ ዛሬ አትከራከሩኝ፣ ደክሞኛል።)

በመጨረሻው ቀን ወደቡ አጠገብ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አሮጊቶች ሾርባ ሲሸጡ አገኘን። ልጄ ጾሜን አስረዳችልኝ። አንዷ እናት ጓዳ ገብተው ድንችና ካሮት ያለ ቅቤ ሠርተውልኝ መጡ።

ልጄ የራሷን የዓሣ ሾርባ ገፋ አደረገችና «ለኔም እንደሷ» አለቻቸው። በዚያ ጉዞ ሁሉ አብረን የበላነው ያንን ብቻ ነው። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ሶ ወደዚያ የምትሄዱ፣ ሬስቶራንቱን ተዉትና የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠይቁ። እናንተስ ጾም መንገድ ላይ ሲይዛችሁ ምን በላችሁ? ልጆቻችሁስ ምን አሏችሁ?