ዝም ያለችው አምስተኛ ክር

ንስሐ አባቴ ጋ ስገባ ቢራውን እናገራለሁ፣ ጫቱን እናገራለሁ፣ በቁርባን ሰዓት ሞባይሌ መጮሁን ሳይቀር እናገራለሁ። ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ መንገድ ላይ ጉድጓድ ዘልያታለሁ። ለእናቴ አልነገርኩም። ጠጥቼ እንኳን አላመለጠችኝም፤ እኔ ደግሞ ስጠጣ የማላወራው ነገር የለም። እንግዲህ ዛሬ ይሄን የምታነቡ ሁሉ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ይቅለለኝ ብዬ አይደለም። የሚቀለኝም አይመስለኝም።

ስሜ ቢኒ ነው። አዋሽ ሰባት ላይ «ቢኒ ስቱዲዮ» ብላችሁ ብትጠይቁ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር በር ድረስ ያደርሳችኋል። ስቱዲዮ ስል እንዳትደነግጡ፤ ድምፅ እንዲውጥልኝ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ የቸነከርኩባት አንድ ክፍል ናት። ድምፁን ትንሽ ይውጣል፣ ሙቀቱን ግን አይውጥም። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የሒሳብ አስተማሪያችን «አንተ ልጅ ቁጥር ስታይ ያልብሃል» ይለኝ ነበር። አሁን በቁጥር ዘፈን አሠራለሁ! የኔ ሶፍትዌር በጣት አይጫወቱትም፣ ይጽፉለታል። የትኛው ክር፣ በስንት ጉልበት፣ መቼ ብዬ መስመር በመስመር በቁጥር እጽፍለታለሁ፤ እሱ ይመታል። ከአዋሽ አርባ እስከ ሰመራ እንደኔ የሚያዘው ሰው የለም። ጉራ ነው ካላችሁ አዎ፣ ጉራ ነው። የምናዘዘውም ይሄንኑ ጉራ ነው።

ጋሽ በየነ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ፉርጎ የሚያያይዝ ሠራተኛ ነበር። መንጠቆው የግራ እጁን የቀለበት ጣት ጨፈለቀበትና ጣቱ እንደ ሚስማር ቀጥ ብሎ ቀረ። በዚያ እጁ ነው ጊታር የሚመታው። አምስተኛዋን ክር መያዝ ስለማይችል ያፍናታል፤ ስትነካ «ጥፍ» ብላ ትሞታለች። የቀኝ አውራ ጣቱ ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፣ ለቅሶ ቤት አርፍዶ በቀስታ እንደሚገባ ሰው። አንድ ቀን የሰማው ከመቶ ጊታር መሃል ይለየዋል። እኔን ሙዚቃ ያስተማረኝ እሱ ነው። ትዝታን ከባቲ የለየሁት እሱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

አንድ ልጅ አለችው፣ ሰናይት። ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። እናቷ የሞተች ቀን ጋሽ በየነ ድሬዳዋ ሰርግ ላይ ጊታር ይመታ ነበር፤ ሲደርስ ቀብሩ አልቋል። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ ጊታርህ ነው» ብላው ሄደች። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። «ለምን አትደውልላትም ጋሼ?» ስለው፣ «ይቅርታ በስልክ? ይቅርታ እንደ ካርድ ተፍቆ ይሞላል እንዴ አንተ?» ይለኝና ይስቃል። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቅበታል።

አንድ ቀን ከሰመራ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። የሰናይት የሥራ ጓደኛ ናት፤ ልታገባ ነው፣ ሚዜዋ ደግሞ ሰናይት ናት።

«ቢኒ፣ የሰርጉን ሙዚቃ አንተ ያዝልን» አለችኝ። «ግን ጋሽ በየነን ይዘህልኝ ና። ሰናይት አታውቅም። ፊቷ ቆሞ ሲመታ ካየችው አንጀቷ አይችልም። አደራ እንግዲህ!»

«በራሴ ላይ» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። በራሴ ላይ።

ጋሽ በየነ ይሄን ሲሰማ ተነሳና ከአልጋ ሥር ሻንጣውን ስቦ ኮቱን አወጣ። «ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር ኮት የሚለብስ ሙሽራና ሬሳ ብቻ ነው» ብዬ አሾፍኩበት። እሱም ሳቀ። «ሕፃን ሆና እኔ ካልመታሁላት አትተኛም ነበር» አለኝ ኮቱን እያራገፈ። «የዛን ጊዜዋን ነው የምመታላት። አንዲት ቃል አልናገርም። እሷኑ ብቻ።»

ስቱዲዮዬ ውስጥ መለማመድ ጀመርን። እኔ በኮምፒውተር ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ኦርጋኑን፤ እሱ በጊታሩ። በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ አንድ ሹፌር አንገቱን አስገብቶ፣ «ቢኒ፣ ያን ሳጥን አጥፋውና ሽማግሌውን እንስማበት!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሥራዬ አይደል ማሳቅ? ውስጤ ግን ተቃጠለ። ሦስት ሳምንት ቁጥር ስጽፍ የከረምኩት እኔ፣ ጭብጨባው ለሱ! ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ማሰብ ጀመርኩ፦ እዚያ መድረክ ላይ ብቻዬን ብቆምስ?

ለዚያ ጊታር ያስፈልገኛል። ፕለጊን የሚሉት ነገር አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚጫን ጊታር ነው፣ እንጨት የለው፣ ክር የለው፣ ድምፅ ብቻ። ሦስት አገኘሁ። የትኛው እንደሚሻል ግን በደንብ አልለይም። ጆሮ ያለው ማነው? ጋሽ በየነ ነዋ። ሄጄ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ካንተ ሥር የሚመታ ሁለተኛ ጊታር ፈልጌ ነበር፣ ምረጥልኝ» አልኩት። ሰውዬውን ራሱን የሚተካውን አስመረጥኩት። ይሄን ከሰው ማን ያደርጋል?

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጌ የመጀመሪያውን ከፈትኩለት። ድምፁ እንደ ማር ነው። ግን በተከፈተ ቁጥር ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ሰርጉ መሃል ኔትወርክ ከሄደ ዲዳ ነው። «ይሄማ ፈቃድ ሳይጠይቅ የማይስቅ ሙሽራ ነው» አለና ተወው። ሁለተኛው የተዘጋጀ ምት ነበረው፤ ኮርዱን፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ትሰጠዋለህ፣ እሱ በራሱ ይመታል። የኛን የጭክጭካ ምት አምጣ ስለው ግን እግሩን እንደሳተ ሰው ይደናቀፋል፤ ምቱን ላርመው ብል አይታዘዘኝም። «ይሄ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ይመለስ» አለ። ሦስተኛው ድምፁ ደረቅ ነው፣ አያምርም። ግን ስድስቱንም ክር ለየብቻ ያዛል፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን ጉልበትና የራሱን ሰዓት በቁጥር ይቀበላል፤ አንዷን አፍናት ብትለው ያፍናታል። ጋሽ በየነ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ «ይሄኛው ይሰማል» አለኝ። «ድምፁን ተወው ልጄ። ጊታር የሚመረጠው በሚያወጣው አይደለም፣ በሚሰማህ ነው።»

ከዚያ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። የሱን እጅ በቁጥር እንድጽፍ። ወደ ላይ ሲመታ ሦስት ክር ብቻ እንደሚነካ። አውራ ጣቱን ስንት እንደማዘገየው፤ «ትንሽ ጨምር... በዛ... መልስ... አዎ! አሁን እኔ ገባሁ» ይላል። አምስተኛዋን ክር ሙሉ አድርጌ ብጽፋት ተቆጣ። «ዋሸህ! እኔ የሷን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ዝም አሰኛት።» ዝም አሰኘኋት። የሕፃኗንም ዜማ አንድ በአንድ አጻፈኝ። ራሱን ገልብጦ ሰጠኝ እኮ! ደስ ብሎት። ውሃ እንኳን ገዝቼ አላጠጣሁትም፣ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ዕለት አዲስ ክር ቀይሮ፣ ጊታሩን ታቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋ ደውላ ነበር» አልኩት። «ጊታሩ ይቅር፣ ኮምፒውተሩ ይበቃል ብላለች።»

ቆመ። ጊታሩን ቀስ ብሎ መሬት አስነካው።

«ሰናይት ናት?» አለኝ። «እንዳይመጣ ያለችው እሷ ናት?»

አይደለችም ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ኧረ ስቄ «ቀልዴን ነው ጋሼ» ብል እንኳን ያምነኝ ነበር፤ የቀልደኛ ነገር ያ አይደል? እኔ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ብዬ ነቀነቅኩ። ያንኑ አደራ የተቀበልኩበትን ራስ። ቃል እንኳን አላወጣሁም፤ ልጅን ከአባት ለመለየት ቃል አያስፈልግም ለካ።

«እሺ» አለ። «በሰላም ግባ።» ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ኮምፒውተሬን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አዳይቱ ላይ ምሳ በላን፤ ስቀልድ ተሳፋሪው ሁሉ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ለጴጥሮስ እንኳን ዶሮ ጮኾለት ነበር። ለኔ የጮኸልኝ የከባድ መኪና ክላክስ ብቻ ነው፤ እሱንም ጆሮዬን ደፍኜ አለፍኩት።

ሰመራ አዳራሹ ውስጥ ሙሽራዋ ገና ስታየኝ ከኋላዬ ማየት ጀመረች። «የታለ?» አለችኝ በቀስታ። «እምቢ አለ» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ፣ ግን ሙሽራ ናትና ወዲያው ፈገግ አስባሏት።

እኔ ግን መድረኩን አነደድኩት! ሰዉ እስክስታውን አወረደው፣ በሞባይል ቀረጹኝ፣ «የሙዚቃ ባንዱ አንድ ሰው ነው እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ያ ሁሉ አልበቃኝም። ምሳ ሲነሳ ጋሽ በየነ ያጻፈኝን የሕፃኗን ዜማ ከፈትኩት። ለምን? ከሁሉ የሚያምረው እሱ ስለነበረ ነዋ። የኔ ነው ብለው እንዲያጨበጭቡልኝ።

ሰናይት አበባዋን እንደያዘች ከሚዜዎቹ መሃል ተነሳች። እኔን አላየችኝም። ስፒከሩን ዞረችው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደችና መጋረጃውን ገለጠች።

«አባዬ?» አለች።

ከመጋረጃው ኋላ የታሸገ ውሃ ካርቶን ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም። ቆማ ካርቶኑን አየችው።

ወደኔ መጣች። «የታለ?»

«የለም፣ ኮምፒውተር ነው።»

«የሱ እጅ ነው። አምስተኛዋ ዝም ብላለች። አባዬ ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። አስቡት፣ እዚያ ቆሜም መኩራራቴን።

«እሱስ? አልጠራችሁትም?»

«ጠርቼው ነበር። አልሄድም አለ።»

«እኔ ስላለሁ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለተኛ ነቀነቅኩ። እሷም እንደ አባቷ «እሺ» አለች። አንድ ዓይነት እሺ። አበባዋን ኪቦርዴ አጠገብ ረስታው ሄደች።

አዋሽ ስመለስ ጋሽ በየነ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ነበር። ኩርፊያ የለ፣ ምን የለ። «አምስተኛዋን ዝም አሰኘሃት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አውራ ጣቴስ ዘገየ?» ዘገየ አልኩት። «በቃ፣ እኔ ባልሄድም እጄ ሄዷል» አለና ወደ ሌላ እያየ፣ «ሰማችው?» አለኝ።

«ጫጫታ ነበር ጋሼ። የሰማች አልመሰለኝም።»

በዓመቱ የሳንባ በሽታ ይዞት ሞተ። በኮቱ ቀበርነው። ቀልዴን አስታወስኩት፤ የሳቅኩበትን ቀልድ። ሰናይት መጣች፤ እንደገና ከቀብር በኋላ አንድ ሰው ደረሰ፣ አሁን ደግሞ እሷ። ለቅሶው ላይ እጄን ይዛ፣ «ቢኒ፣ እጁን ስላስቀረህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? አሜን አልኩ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ከሁሉም ከሁሉም ያቺ አሜን ናት አንገቴ ላይ የቀረችው።

ያለፈው ሳምንት ደወለች። ልታገባ ነው። «አዳራሽ ስገባ በአባዬ ጊታር አስገባኝ» አለችኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት የተሻለ ፕለጊን ጭኛለሁ፤ ያቺን ደረቋን ግን አላጠፋኋትም። ተጫወተች። አምስተኛዋ ጥፍ አለች። ዘጋሁት። ደግሜ መክፈት አልቻልኩም።

ሰናይት፣ ይሄን ወረቀት ከሰው ሁሉ በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ። ዜማውን በፍላሽ አድርጌ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ የኔን ስም አጥፍቼ የሱን ጽፌበታለሁ። ሰርግሽ ላይ አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም። ልጅ ነበርኩ አልልሽም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አይደለም። አልተማርኩም አልልሽም፤ ይሄ ትምህርት አይጠይቅም። ማሪኝም አልልሽም፤ የሚምረኝ ሰውዬ በኮቱ ተኝቷል።

አንድ የቀረኝን ብቻ ልንገርሽ። ጎረቤቱ ናት የነገረችኝ፣ እስከዛሬ ውጬው ነበር። ያን ቅዳሜ፣ እኔ ሰመራ ሳስጨበጭብ፣ አባትሽ ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ ሰመራ መንገድ አዙሮ ያንቺን ዜማ አንድ ጊዜ መታ። ከዚያ ገብቶ ጊታሩን ሰቀለው፤ ዳግም አላወረደውም።

እምቢ ያለ ሰው ኮት አይለብስም፣ ሰናይት።