ቤንዚን የሚያጥለቀልቀው ጂፕ

የእህቴ ባል መካኒክ ነው። እኔ እዚያው ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። እህቴ በሕይወት ሳለች በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ደንበኛ ትቀበል ነበር። ድምጿ የጉድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጡሩምባ ነበር የሚላት። ደንበኛው መኪናው ሲሞቅ አልነሳ እንደሚል በቀስታ ከነገራት፣ ዞር ትልና «ሲሞቅ አልነሳ ይላል አለ!» ብላ ጋራዡን ታናውጠዋለች። ባሏ እኮ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው የቆመው። «አንቺ፣ ማይክራፎን ዋጥሽ እንዴ?» እንላታለን። ስቃ ዝም ትላለች።

ከሞተች ወዲህ ጋራዡ ጭር አለ። እኔ አላለቀስኩም፤ እንባ እንቢ አለኝ። ጠዋት እመጣለሁ፣ ሽቦ እቀጥላለሁ፣ ማታ እሄዳለሁ። ምሳ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ደንዝዤ ነበር። ጋሼ፣ ማለት የእህቴ ባል፣ እሱማ ጭራሽ ከሰው ተራ ወጣ። መፍቻ አቀብለኝ ስለው ነገሬ አይለኝም። ደንበኛ ከኋላው ቆሞ ችግሩን ሲዘረዝርለት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። መጀመሪያ ሀዘን ነው ብለን ታገስነው። ግን ሀዘኑ ለሁላችንም ደርሶናል፤ እኔስ የቀበርኩት የእናቴን ልጅ አይደል? ደንበኛው እየተናደደ አንድ በአንድ ሸሸ።

ሴት ልጁ «አባዬ እኔ ዘንድ ይምጣና ይረፍ» ካለች ቆይታለች። እኔም ወሰንኩ። አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ያመጣልን ጂፕ ዛሬ ካልተሠራ ጋሼ ልጁ ዘንድ ይሄዳል፣ ጋራዡን ብቻዬን እይዛለሁ። ሥራ የፈታ ዕለት እንደሚያልቅለት አሳምሬ አውቃለሁ። አውቄ ነው የወሰንኩት፤ ምንም አልተሰማኝም።

ጂፑ የእኔ እኩያ ሳይሆን አይቀርም። ሲነሳ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይታነቅና ይጠፋል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ስንፈታቸው በቤንዚን ርሰዋል። ለሞተሩ ቤንዚን የሚያቀብለው ካርቡሬተር ከልኩ በላይ እያጠጣው ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ትንሽ የቤንዚን ገንዳ አለች፤ በገንዳዋ ላይ ከነሐስ የተሠራች፣ ሆዷ ባዶ የሆነ ተንሳፋፊ ትቀመጣለች። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ከፍ ትልና መርፌ የምትመስል ዘንግ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። አልዘጋ ካለ ጥፋቱ ወይ የመርፌዋ ነው ወይ የተንሳፋፊዋ።

ጋሼ ፈታው። መርፌዋን በአዲስ ቀየረ። ተንሳፋፊዋን ጆሮው ሥር ይዞ ወዘወዛት። እኛ ጋራዥ ስንሞክራት እንዲህ ነው፤ ከተበሳች የጠጣችው ቤንዚን ሆዷ ውስጥ ቦጭ ቦጭ ይላል። ደህና ናት አለና ገጠመ። ጂፑ ጨሰ፣ ታነቀ፣ ጠፋ። ደግሞ ፈታ፣ የመርፌዋን መቀመጫ ወለወለ፣ ተንሳፋፊዋን ወዘወዘ፣ ደህና ናት አለ። ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቆፋሪው በር ላይ ቆሞ በገመድ አስጎትቼ ልውሰደው ማለት ጀመረ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲፈታው ትዕግስቴ አለቀ። ተንሳፋፊዋን ከእጁ መነተፍኳት። ገና ስመነትፋት ቦጭ ቦጭ አለች። በር ላይ ያለው ቆፋሪ እንኳ ሰምቶ ቀና አለ። ጋሼ ጆሮ ሥር ወስጄ ደህና አድርጌ ወዘወዝኩለት።

«ደህና ናት» አለ።

ካርቡሬተሩ ላይ መልሶ አጎነበሰ። በጀርባው በኩል ዞርኩና እንደ ወትሮው ድምፄ «ጋሼ» አልኩት። ወይ ፍንክች። ጂፑ እየተቃጠለ ነው አልኩት። ጨርቅ አንስቶ ተረጋግቶ እጁን ጠረገ።

ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነበር።

«ቆየ» አለ። «እሷ ነበረች የምትሰማልኝ። ለማንም እንዳትናገር አስምዬአት ነበር።»

በርጩማዋ እዚያው በሩ ጋ ባዶዋን ነበረች። እህቴ ናፈቀችኝ። ከቀበርኳት ወዲህ ገና ያኔ ናፈቀችኝ።

ውሃ በጣሳ አፈላሁና ተንሳፋፊዋን ደፈቅኳት። ከመጋጠሚያዋ በኩል ቀጭን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ጋሼ በዓይኑ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቤንዚኑን እስከ ጠብታው አውጥቶ፣ አድርቆ፣ በእኔ መበየጃ ቀዳዳዋን ደፈናት። ጂፑ ሲነሳ አልጨሰም፣ አልታነቀም። ጋሼ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ቆየ። ዱሮም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኛ ለሞተር ያለው ፍቅር ነው እንል ነበር።

ለልጁ ደወልኩና አባትሽ ሥራ አለበት፣ አይመጣም አልኳት።

ቆፋሪው መሪውን ከያዘ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጂፑ ዳገት ላይ እንደሚዝል በቀስታ ነገረኝ። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶን መፍቻዎቹን እየሰበሰበ ነው። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዳገት ላይ ይዝላል አለ!» ብዬ ጋራዡን አናወጥኩት።

ጋሼ ቀጥ አለ። መጀመሪያ በርጩማዋን አየ፣ ከዚያ እኔን። መፍቻውን ይዞ መጣና ኮፈኑን ከፈተ።

«ምነው አንተ» አለኝ ቆፋሪው፣ «ማይክራፎን ዋጥክ እንዴ?»

ስቄ ዝም አልኩ።