መንደሪንና ጉርሻ

ትናንት ከከተማው ዳር፣ ትሩጋኒና ባለው ቤቴ ልጄ መንደሪን ስትልጥ ሽታው ሳሎኑን ሞላውና እኔን ይዞ መሃል ከተማ ኮሊንግዉድ ገባ፣ በስደት ወዳደግሁበት ፎቅ፣ የጎረቤቶቻችን የቻይናዎቹ በር ጋ፤ የሊን እናት የመንደሪን ልጣጭ ለሾርባ ብላ መስኮት ላይ ታደርቅ ስለነበር ኮሪደሩ ክረምት ከበጋ እንደዚያ ይሸት ነበር።

ልጃቸው ሊን እኩያዬ ናት። ወላጆቿ ምግብ ቤት ሺፍት ስለሚገቡ ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ዘንድ ነበር የምትቆየው፤ ጣጣው የመጣውም በዚሁ ነው። እማዬ ጉርሻ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ እኔ "ማም፣ ስቶፕ ኢት!" ብዬ ፊቴን ሳዞር፣ ይቺ ጉደኛ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። እማዬም "በሞቴ፣ አንድ ብቻ!" እያለች ታጎርሳታለች። "እትዬ፣ ይድገሙኝ" ስትላትማ፣ አንቱታው ሳይቀር፣ እማዬ በሳቅ ፍርስ! እኔ ግን አንጀቴ አረረ። የራሷ እናት እያለቻት የኔን ምን አድርጊ ትላታለች?

አንድ ቅዳሜ ብድሬን ልመልስ ብዬ እነሱ ቤት ሄድኩና እናቷ ጎን ልጥፍ አልኩ። ሴትዮዋ እንደ እማዬ አገላብጣ አትስም፣ "የኔ ቆንጆ" አትልም፤ መንደሪን ላጠች፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቀመችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀና ስል ሊን በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሰይ! እውነቴን ነው፣ ከመንደሪኑ ይልቅ የጣመኝ እሱ ነበር።

እማዬ ባለፈው ክረምት አረፈች። ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ "እስቲ ቅመሺ" ብሎኝ እምቢ ስል፣ ሊን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንጀራውን ቆረሰች፣ ሽሮውን ጠቀለለችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ ቁርጥ እማዬ።

"በሞቴ፣ አንድ ብቻ" አለችኝ።

ያኔ የሸሸሁትን ጉርሻ ሁሉ አስታውሼ፣ እያለቀስኩ አፌን ከፈትኩ።

የእማዬ ቀሚሶች እኔ ጋ ናቸው፣ ድስቶቿም እኔ ጋ ናቸው። ትናንት ማታ እራት ላይ ልጄን እንደዚያ ላጎርሳት ብሞክር ጉርሻው እጄ ላይ ፈረሰ። ልጄም አጎንብሳ የፈሰሰውን እያየች፣ በእንግሊዝኛ፣ "አንቲ ሊን ስታጎርሰኝ እኮ አይፈርስም" አለችኝ።

ቀናሁ። ኧረ እንዴት አልቀናም፣ የእናቴ እጅ እኮ ነው!