የአባቴ ላንድሮቨርና የአጎቴ ላንድክሩዘር

በቀደም ደባርቅ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የጋለ ቤንዚንና የአሮጌ ቆዳ ወንበር ሽታ መጣብኝ። እግሬ ቆመ። ከትምህርት ቤት መልስ በአባቴ መኪና ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ የሁለት ሰዎች ክርክር የምሰማበት ጊዜ ታወሰኝ።

አባቴ ላንድሮቨር ነበረችው፤ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ላንድክሩዘር። ሁለቱም ያረጁ ነበሩ፤ በሊማሊሞ በኩል ከደባርቅ ዛሪማ ሰውና እህል ያመላልሱባቸዋል። ከሥራ ሲመለሱ ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን ያቆሟቸውና ኮፈናቸውን ከፍተው ይጀምራሉ።

«የኔ ስድስት ሲሊንደር ናት» ይላል አጎቴ። «ከመቶ ሃያ በላይ የፈረስ ጉልበት። ያንተዋ አራት ሲሊንደር፤ ሰባ ፈረስ ቢኖራት ነው። ሊማሊሞን ስትወጣ እኮ ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ይቀድማታል!»

«ቤንዚኑንስ ማን ይጠጣዋል?» ይላል አባቴ። «የኔ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ግን ትወጣለች። ገላዋም አሉሚንየም ነው፤ ዝገት አያውቃትም።»

እናቴ በሩ ላይ ብቅ ትላለች። «እናንተ ሰዎች፣ ያገባችሁት ብረት ነው እንዴ? ግቡ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።» ያኔ ይስቁና ይገባሉ። አባቴ ግን አንድም ቀን ተሸነፍኩ ብሎ አያውቅም።

አንድ ክረምት እናቴን ሆዷን ቆረጣት። ብርድ ነው ተባለ። አንድ ጠዋት ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኖ አገኘናት። ከጤና ጣቢያ የመጣው ሰው ዳሰስ አደረጋትና «አሁኑኑ ጎንደር አድርሷት» አለ።

አባቴ ፍራሹን ላንድሮቨሯ ላይ አንጥፎ ነበር። እናቴን ታቅፎ ወጣና ጉሙ ውስጥ ሁለቱን መኪኖች እያየ ቆመ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ባንተዋ ትሂድ» አለ። «ያንተዋ ትፈጥናለች።»

አጎቴ ቀና ብሎ አላየውም። ፍራሹን ወስዶ አነጠፈ። ጎረቤታችን ከኋላ ገብታ የእናቴን ራስ ጭኗ ላይ አስደገፈች። ልከተል ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ከአባትሽ ጋር ነይ። ብቻውን እንዳይሆን።»

ላንድክሩዘሯ ወዲያው ጉሙ ውስጥ ገባች። አባቴ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረገጠው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጭቃው መስታወቱን ይመታል፣ እኛ ግን የምንሄድ አይመስልም። ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው፤ ሰው እያንቀላፋ ያልፈዋል።

ዳባት ልንገባ ስንል ላንድክሩዘሯን ዳር ይዛ ቆማ አየናት። ሞተሯ ጠፍቷል። አጎቴ ጭቃው ላይ ተቀምጧል።

«ተበላሸችብህ?» አለ አባቴ በመስኮት።

«መኪናዋስ ደህና ናት» አለ አጎቴ።

ከውስጥ የጎረቤታችን ለቅሶ ተሰማ።

አባቴ ወርዶ ሄደ። እኔ ካለሁበት አልተነሳሁም። ዝናቡ የገብሱን ማሳ ሲያስተኛው አያለሁ። አንድ ሰውዬ በሬዎቹን እየነዳ አለፈ።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ አጎቴ ከፊት ነበር። ላንድክሩዘሯ እንደዚያ ስታዘግም አይቼ አላውቅም፤ ዳገት በደረስን ቁጥር ቆማ ትጠብቀናለች። አባቴ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ ጣለልኝ።

«በረደሽ?»

«አልበረደኝም» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ብርዱም አልተሰማኝም።