የእትዬ ወለተ ማርያም ጣቶች

እትዬ ወለተ ማርያም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአርማጭሆ ቆላ ተነሥተው ሱዳን ገቡ። ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ሰፈር ጎጆ ቀለሱ፤ ባላቸውም እዚያው ዐረፉ። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ከሌሎች ሴቶች ጋር በጭነት መኪና ወደ ሰሊጥ እርሻ ይወርዱ ነበር። ሜዳው ጫፍ የለውም። ነፋስ ሲነሣ ሰሊጡ ሁሉ ይንሿሿል፤ እሳቸውም ነዶ እያሰሩ መሬት መርገጣቸውን ይረሱና በውሃ ላይ የሚሄዱ ይመስላቸዋል። እንዲህ እንዳሉ አረጁ።

በሁለት ሺህ ሰባት ክረምት ዱራ የሚሉትን ማሽላና ዘይት የሚያድለው የርዳታ ድርጅት በካርድ ማደሉን ትቶ የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ አመጣ። መዝጋቢዋ ብፅአት እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት።

«ኻላቲ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ» አለቻቸው፣ እንደ ሱዳኖቹ አክስቴ ስትል።

አሳረፉ። መሣሪያው ቀይ አበራ። ሌላ ጣት ሞከሩ፤ ታጥበው ሞከሩ፤ ያው ቀይ። የሰሊጥ አገዳ የጣታቸውን መስመር ልጎ ጨርሶታል።

«ምን አለሽ?»

«መስመር አላገኘሁም ነው የሚለው። ያለ አሻራ ደግሞ ዱራውን መስጠት አልችልም፤ ማለሽ ኻላቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ተመለሱ። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ወርቅ መስሏል። ሰውነታቸው እንደ ጭስ የቀለለ መሰላቸው፤ የሚያልፍ ሰው የሚያያቸውም አልመስላቸው አለ። ቆመው ወደ ኋላ ዞሩ። ዱካቸው በጥቁሩ ጭቃ ላይ ጠልቆ ታትሟል። ረጅም ጊዜ አዩት።

ያን ሳምንት ጎረቤታቸው ኸይረዲን ከዱራው አካፈላቸው። ብፅአት ነገሩን ለድርጅቱ ኃላፊ ለከማሉ ነገረችው። ከማሉ ሲያጣራ ብዙ የሰሊጥ ሠራተኞች እንዲሁ ተመልሰዋል። የአሻራ ምዝገባውን አስቁሞ ሰፈርተኛውን ሰበሰበ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሳንጠይቃችሁ ጀመርን። ጣቱ እምቢ ያለው የዓይኑን ምስል ልናነሣ እንችላለን» አለ።

እትዬ ወለተ ማርያም ተነሡ። «ዓይኔን የት ታስቀምጡታላችሁ?»

«ሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር።»

«እናንተ ስትሄዱስ?»

ከማሉ፣ «እሱን በእርግጠኝነት አላውቅም እናቴ። ካልፈለጉ አይነሡ፤ የጎረቤት ምስክር ይበቃል» አለ።

«እንግዲያው ዓይኔ እኔው ዘንድ ይቆይ።»

ኸይረዲን እጁን አወጣ። «አውቃቸዋለሁ። ልጄ ስትወለድ የተቀበሏት እሳቸው ናቸው።»

አንዳንዱ ወዶ ዓይኑን አስነሣ፤ እትዬ ወለተ ማርያም በምስክር ዱራቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ በየእደላው ቀን ለሌሎች ምስክር ሆነው ዳስ ጥላ ሥር የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ። ከሰዓት ፀሐይ ሽልብ ያደርጋቸዋል። ብፅአት ቀስ ብላ ትከሻቸውን ስትነካ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ፊታቸው የቆመችውን ባለ ተራ ሴት ያያሉ።

«የዓለምነው እናት ናት፤ ስጧት» ይሉና መልሰው ያንቀላፋሉ።