ብረቱ ከታች የታሰረበት በረንዳ

በምህንድስና ተማሪዎች ላውንጅ የሚወራው እንዲህ ነው። ሚሊሜትር የሚሉት የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ፣ በግንባታ ላይ ያለ ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት ዓይኑ ውስጥ ይገባል። «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። ሕንፃው ፊት ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይቺ በረንዳ ቅዳሜ ከሰዓት ትወድቃለች» ይላል። በረንዳዋም ቃሉን እንዳታሳጥፈው ቅዳሜ ከሰዓት ወደቀች። ወሬው ከላውንጅ ተነስቶ ዶርም እስኪደርስ፣ ሚሊሜትር ግድግዳ ቆርቆር አድርጎ ውስጡ ያለውን ብረት ብዛት የሚናገር ሆኗል። እናቱ ሰፈር ሲደርስማ፣ ጎረቤቶች ቤታቸውን እንዳያይባቸው መጋረጃ መሳብ ጀምረዋል።

ለማመን ግን ይከብዳል። ሚሊሜትር መነጽሩን ካላደረገ ታክሲውን ራሱን አያየውም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በሌላ ሰው ፎጣ ፊቱን ሲያደርቅ ከርሞ፣ የነቃው ባለ ፎጣው ጮክ ብሎ ሲነግረው ነው። ቅጽል ስሙም የወጣለት ለዓይኑ ሳይሆን ለእጁ ነው፤ ሥዕል ሲሠራ አንዲት ሚሊሜትር አያዛንፍም።

ነገሩ የተጀመረው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። የክፍሉ ልጆች መቶ ስድሳ ነበሩ። የቤት ሥራ የሚሠራው አንድ ሰው፣ ሚሊሜትር፣ ሲሆን፣ የቀሩት መቶ ሃምሳ ዘጠኙ ፍላሽ የማቀባበል ሥራ ነበራቸው። ለሴሚስተሩ ማጠቃለያ በረንዳ ያለው ሕንፃ እንዲነድፉ ታዘዙ። ሚሊሜትርን ሰለቸው። እስቲ ዘንድሮ ላስይዛቸው ብሎ ሁለት ሥዕል ሠራ፤ ትክክለኛውን ለራሱ፣ የተበላሸውን ለሕዝብ።

ብልሽቱ ቀላል ነበር። ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ የሚወጠረው ከላይ በኩል ነው፤ ስለዚህ ዋናው ብረት ከላይ መታሰር አለበት። ከታች ከታሰረ በረንዳው የሚቆመው መደገፊያው እንጨት እስኪነሳ ብቻ ነው። ይህን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል፤ ቢያንስ የፈተና ዕለት ጠዋት ያውቀዋል። ሚሊሜትር ብረቱን ከታች አደረገው። ለምልክት ያህልም በረንዳው ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ሳለና ስድስት ጣት ሰጠው።

መምህሩ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ባለ ጃንጥላ ሰውዬ ተረከበ። መቶ ሃምሳ ዘጠኙም ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ። የሚሊሜትርን ግን ከሌሎቹ ስለተለየ «ጥሩ» ብሎ አለፈው።

ሚሊሜትር ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ሥዕሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘል ከርሞ፣ የዚያ ዓመት ተመራቂዎችም ከዲግሪያቸው ጋር ይዘውት ወጡ።

አምስተኛ ዓመት ላይ ኢንተርንሺፕ መጣ። የሥራ ልምምዱን ያልጨረሰ አይመረቅም። ሚሊሜትር የዲፓርትመንቱን ደብዳቤ ይዞ ሠላሳ ቢሮ አንኳኳ። ሃያ ዘጠኙ «እንደውልልሃለን» አሉት፤ እስካሁን ስልክ እየፈለጉ መሆን አለበት። ሠላሳኛው ትምህርት ቤት የሚገነባ ድርጅት ነበር። የሳይቱ መሐንዲስ ከዚያው ዲፓርትመንት ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ታናሼ፣ ቤትህ መጣህ» አለው። «ደህና ከሠራህ ወረቀትህን መቶ ከመቶ ሞልቼ እሰጥሃለሁ። ስትመረቅም ወንበርህ እዚህ ነው። ለመሆኑ ከክፍልህ ስንቱ ሥራ የሚያገኝ ይመስልሃል?»

«አስር?»

«ተስፈኛ ልጅ ነህ።»

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ልጄ ትምህርት ቤት እየሠራ ነው» ብላ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አወራች። ይህን ባለች በሳምንቱ የዚያው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታዘዘላት። ሚሊሜትር የሚተኛባት ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በትንንሽ ሸሚዞች ተሞላች። እጅጌዎቹ ባዶ ሆነው ከአልጋው በላይ ይንጠለጠላሉ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ባንድ ላይ ይወዛወዛሉ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ሜትር እንዲያመጣ ወደ ሳይቱ ቢሮ ተላከ። ቢሮው አራት ቆርቆሮና አንድ ጠረጴዛ ነው። ሜትሩን አንስቶ ቀና ሲል፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ውስጥ አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ ያየዋል። ሚሊሜትር መነጽሩን ጠራርጎ ጣቶቹን ቆጠረ። ስድስት ናቸው።

ውጭ ወጣ። የትምህርት ቤቱ አሥራ ሁለት በረንዳዎች ኮንክሪት ከተሞላባቸው ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል፤ በረድፍ በቆመ እንጨት ተደግፈዋል። ብረት አሳሪው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ሽቦ እየቆረጠ ነበር።

«አባባ፣ የበረንዳውን ብረት በየት በኩል ነው ያሰሩት?»

«ከታች ነዋ።»

«ለምን?»

«ሥዕሉ ነዋ ያለው። እኔማ በሃያ ዓመት ሥራዬ ከላይ ካልሆነ አላየሁም ብዬ ነበር። ኢንጂነሩ ‹የተማርከው አንተ ነህ እኔ?› አለኝ። እኔ አልተማርኩም፤ አሰርኩ።»

«እንጨቱ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

ሚሊሜትር ወደ መሐንዲሱ ሄደ። «ኢንጂነር፣ የበረንዳው ብረት ከላይ መሆን የነበረበት ይመስለኛል።»

መሐንዲሱ ሻይ እየጠጣ ነበር። «ታናሼ፣ ይሄ ሥዕል ዩኒቨርሲቲ ቀርቦ ‹በጣም ጥሩ› የተባለ ሥዕል ነው። አንዴ አይደለም፣ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ። ያ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ሆንክ?»

ሚሊሜትር መልሱን ያውቀዋል። አዎ፣ ያ ሁሉ ሰው ተሳስቷል፤ ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ይህን ካለ ግን መቶ ከመቶው የለም፣ ወንበሩ የለም። ዲፓርትመንቱ ኮራጅና አስኮራጅን አንድ ላይ ስለሚያባርር ዲግሪውም የለም። እጁ ላይ ያለውን ሜትር መጠቅለል ጀመረ።

«ሻይ ላስመጣልህ?» አለው መሐንዲሱ።

ያን ቀንና በማግስቱ፣ አሸዋ የሚሸከሙት ሴቶች ምሳቸውን የሚበሉት በረንዳው ጥላ ሥር መሆኑን ልብ አለ። ጀርባቸውን እንጨቱን አስደግፈው ይሳሳቃሉ። አንዷ ጫማዋን ከእንጨቱ ጋር እየመታች አሸዋ ስታራግፍ፣ ሚሊሜትር ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ።

ዓርብ አመሻሽ እናቱ አንዱን ሸሚዝ አንስታ አሳየችው። «ይሄ ለስድስት ዓመት ልጅ ነው። ብብቱ ጋ ሰፋ ላድርገው መሰለኝ፤ በእረፍት ሰዓት ሲሯሯጡ እንዳይቀደድ።»

«የት ነው የሚሯሯጡት?»

«እኔ ምን አውቄ? በረንዳው ላይ ይሆናላ። አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?»

ቅዳሜ ጠዋት ሳይቱ በር ላይ ሲደርስ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። አናጺዎቹ ከመጀመሪያው በረንዳ ሥር እንጨቱን እየነቀሉ ነው። በሩጫ ቢሮ ገባ።

«አስቁማቸው።»

«ደግሞ ጀመረህ።»

«ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። ካላመንክ የሰውዬውን ጣት ቁጠር።»

መሐንዲሱ ሳቀ። ቢሆንም ተነስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ፊቱ ሲሚንቶ መሰለ። ወጥቶ ሁሉም ከሕንፃው እንዲርቁ አዘዘ። ሴቶቹ «ጥላውንም ከለከሉን» እያሉ ተነሱ። ከመጀመሪያው በረንዳ ሥር የቀረ እንጨት አልነበረም፤ በረንዳዋ ግን ቆማለች። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ምሳ ተበላ።

«ለዚች ነው ያባረራችሁን?» አለ አንዱ አናጺ። መዶሻውን ይዞ ወደ ሕንፃው ሁለት እርምጃ እንደሄደ፣ በረንዳዋ ከግድግዳው ጋር የምትገናኝበት ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ታየች። አናጺው ቆመ። በረንዳዋ ቀስ ብላ፣ እንደ ሳጥን ክዳን፣ ወደ ታች ታጠፈች። ከዚያ ሁሉም ነገር አቧራ ሆነ።

«ብዬ ነበር» አለ ብረት አሳሪው፣ ቀስ ብሎ።

የቀሩት አሥራ አንዱ በሳምንቱ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። መሐንዲሱ ለድርጅቱ ባለቤት፣ «ልምምድ ላይ ያለው ልጃችን ባንድ እይታ ነው ስህተቱን ያገኘው» ብሎ አስረዳ። የሚሊሜትርን ወረቀት መቶ ከመቶ ሞላ፤ የቅጥር ደብዳቤም ጨመረበት። «እኔም ተረፍኩ፣ አንተም ተረፍክ» አለው። «አፍህን ብቻ ዝጋ።» ታክሲውን የጨመሩት የላውንጅ ሰዎች ናቸው።

በወሩ ዲፓርትመንቱ ስለ ምህንድስና ተማሪዎች የሥራ ዕድል ስብሰባ ጠራና ሚሊሜትርን ተናጋሪ አደረገው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወደ መድረኩ ሲያልፍ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፗን ከፍታ አስቆመችው።

«ሲኒየር፣ የበረንዳ ፕሮጀክታችንን እስቲ እየው። ዕድለኛ ፋይል ነው ይላሉ፣ ማንም ወድቆበት አያውቅም።»

ሚሊሜትር አየው፤ ባለ ጃንጥላው ሰውዬ በረንዳው ላይ ቆሟል። «ከማን አገኘሽው?»

«ሁሉም ሰው ጋ አለ። ሌላ ግቢ ያሉ ጓደኞቼም አላቸው። የእህቴ ባል ደግሞ ሥራ ቦታ ይጠቀምበታል።»

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ታክሲውንም፣ የተጨፈነውን ዓይንም፣ ቅዳሜንም አንድ ሳያስቀሩ ተረኩ። «እንግዲህ ምስጢሩን ንገረን» ብለው ማይኩን ሰጡት። ከፊት የተቀመጠው መሐንዲስ በፈገግታ አጨበጨበ።

«ታክሲ ውስጥ አልነበርኩም» አለ ሚሊሜትር።

አዳራሹ ሳቀ። ትሑት ነው ተባለ።

«በዓይኔ ያገኘሁት ስህተት የለም። ሁላችሁም ጋ ያለውን የተበላሸ የበረንዳ ሥዕል የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ብረቱን ከታች ያደረግኩት አውቄ ነው። በረንዳው እንደሚወድቅም ረቡዕ ቀን አውቄ እስከ ቅዳሜ ዝም ብያለሁ። የሰማችሁት በሙሉ ውሸት ነው።»